ሰለም፦ ከአራጣ ሌላ ያለው በር

 

ሐምሌ ለከተማ ሰው የዝናብ ወር ነው፤ ለገበሬው ግን የጭንቅ ወር ነው። ጎተራው ተሟጦ ሳለ ዘርና ማዳበሪያ የሚገዛው በዚሁ ጊዜ ነውና። እኔ ባደግሁበት የወሎ ገጠር የተቸገረ ሙስሊም ገበሬ የሚታየው በር ሁለት ብቻ ነበር፦ ወይ በአራጣ መበደር፣ ወይ በሬውን መሸጥ። አንዱ ዲኑን ይነካበታል፤ ሌላው እርሻውን። አባቴ አንዱን በሬ የሸጠ ዓመት መቀናጆ ሲፈልግ የዘር ጊዜ አልፎበታል።

በ1988 (እ.ኢ.አ.) የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 አነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋማት እንዲቋቋሙ መንገድ ከፈተ። ገበሬዎች በቡድን እርስ በርስ ዋስ እየሆኑ፣ ቤት ሳያስይዙ መበደር ቻሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብድሩ ግን ወለድ ስላለበት ሐራምን የሚፈራው ገበሬ ከዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ። ኋላ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት መጣ፤ ዘምዘም ባንክም በ2013 ሥራ ጀመረ። ሆኖም ከብዙ ገጠር ቀበሌ እስከ ባንክ ቅርንጫፍ ያለው መንገድ ሩቅ ነው።

ታዲያ አላህ (ሱ.ወ) ንግድን ፈቅዶ አራጣን ሐራም ሲያደርግ (አል-በቀራህ 2፡275) ገበሬውን ያለ መውጫ ተወውን? በፍጹም! ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች የፍሬ ዋጋ ከዓመትና ከሁለት ዓመት በፊት ሲከፍሉ አገኙ። መጠኑና ጊዜው የታወቀ ይሁን አሉ እንጂ አልከለከሉም። ይህ ውል «ሰለም» ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እርስዎ ሐምሌ ላይ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ሙሉውን ይከፍላሉ። የጤፉ ዓይነት፣ ሚዛኑ፣ የሚረከቡበት ቀንና ቦታ ይጻፋል። ጥር ላይ ጤፉን ይወስዳሉ። ውሉ «ከዚህ ማሳ የሚበቅለው» ተብሎ አይታሰርም። ማሳው በበረዶ ቢመታ ገበሬው ያንኑ ዓይነት ጤፍ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ያስረክባል። ካልተገኘ ገዢው ይታገሣል፤ አለዚያም የከፈለውን ብቻ፣ ምንም ሳይጨምር ይመልሳል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በአገራችን ነጋዴ የገበሬውን ችግር አይቶ በግማሽ ዋጋ ሲዋዋለው አይቻለሁ። ወለድ የሚል ቃል አልተነሣም፤ ገበሬው ግን ጥር ላይ ባዶ እጁን ቀረ። ቀድሞ የከፈለ ሰው መጠነኛ ቅናሽ ቢያገኝ ነውር የለውም። የወንድምን ጭንቅ መነገጃ ማድረግ ግን የሰለምን ስም ይዞ የአራጣን ሥራ መሥራት ነው።

ውድ አንባቢ! የዓመት ጤፍዎን መግዛትዎ አይቀርም። ገጠር ዘመድ ወይም የሚያምኑት ገበሬ ካለዎት ዘንድሮ ገንዘቡን ጥር ላይ ለነጋዴ ከመስጠት ሐምሌ ላይ ለእርሱ ይስጡት። አቅም ካነሰ ሁለት ሦስት ጎረቤት ሆነው በአንድ ኩንታል ይጀምሩ። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ አሚን።