ወንድሜ በደለኝ አለ

የእኅቶችንና የወንድሞችን ጽሑፍ ማረም ስጀምር አስተያየቴ ሁሉ «እዚህ ጋ አልጣመኝም» የሚል ነበር። ለምን እንዳልጣመኝ መናገር የቻልኩት ሥርዓተ ነጥብን ቁጭ ብዬ ካጠናሁ በኋላ ነው። ነጠላ ሰረዝ ዝርዝርን ይለያል፤ ድርብ ሰረዝ ራሳቸውን የቻሉ፣ ግን የተዛመዱ ዐረፍተ ነገሮችን ያያይዛል፤ ትእምርተ ጥቅስ የሌላውን ሰው ቃል ያጥራል። ሁላችንም በትምህርት ቤት ሸምድደነዋል (ለፈተና!)።

አንድ የኅብረታችን ወጣት ስለ ቤተሰቡ እርቅ ምስክርነት ጽፎ ሰጠኝ። መሐሉ ላይ፦ ወንድሜ በደለኝ አለ ይላል። ፊደሉ የተጣራ ነው። ግን በዳዩ ማን ነው? «ወንድሜ በደለኝ» አለ ከሆነ ተናጋሪው ሌላ ሰው ነው፤ የሚከሰውም የራሱን ወንድም ነው። ወንድሜ «በደለኝ» አለ ከሆነ ግን ከሳሹ የጸሐፊው ወንድም ነው። አማርኛ የተናጋሪውን «እኔ» እንዳለ ስለሚያስገባ፣ ያለ ጥቅስ ምልክት ሁለቱን መለየት ያስቸግራል።

ሁለቱንም ጽፌ አሳየሁት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ እርሳሱን ተቀብሎ ምልክቱን ከ«ወንድሜ» በኋላ አደረገና፣ «የበደልኩት እኔ ነኝ፤ እርሱንም ልጨምርበት» አለኝ።

ምስክርነቱ በአንድ አንቀጽ ረዘመ።