የአያቴ ጠገራ

ብር ልሠራ ተነሣሁ ብል አንባቢ የኪሱን ብር እንዳይመስለው፤ ያኛውማ ተማሪ ዘንድ አያድርም። እኔ የምለው ቀለበትና መስቀል የሚሆነውን ነው።

አያቴ ከሣጥኗ አንድ ጠገራ አውጥታ «ቀለበት አሠርተህ አምጣልኝ» አለችኝ። 1780 የሚል ዓመት ያለበት ማርያ ትሬዛ ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ግድም፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር፣ የቀረው ከሞላ ጐደል መዳብ። እኔ ግን አንጥረኛውን ለምኜ ራሴ ልሠራው ተቀመጥሁ።

አቅልጠው በዘንግ መልክ አፈሰሱልኝና «በል ልጄ፣ ቀጥቅጥ» አሉኝ። መዶሻው ደስ አሰኘኝ፤ ሳላቋርጥ ወቀጥሁት። ጠርዙ ተሰነጠቀ።

«ብር በተመታ ቍጥር ይደነድናል። በየመሐሉ እሳት አሳየው፤ ደብዘዝ ብሎ ሲቀላ አውጣው፣ ቅላቱ ሲጠፋ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ያን ጊዜ ይለሰልስልሃል» አሉኝ። አስቀድመው ያልነገሩኝ ሆን ብለው ይመስለኛል።

እንደ ገና ቀለጠ። በሦስተኛው ቀን ቀለበት የሚመስል ነገር ወጣ፤ መጋጠሚያው ላይ ግን ጐበጥ ብሏል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ በዐዋጅ መከልከላቸውን አንብቤአለሁ። አያቴ የጠቈረ ጣቴን አይታ «የቀጥቃጭ እጅ ይዘህ መጣህ?» ስትለኝ ዐዋጁን ጠቀስሁላት። መልስ አልሰጠችኝም።

ቀለበቱን በትንሿ ጣቷ አጥልቃዋለች፤ አታወልቀውም። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ጎረቤት ማን እንደ ሠራላት ጠየቀቻት። እኔ ቁርሱን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ።

«ከመርካቶ ገዝቶልኝ ነው» አለች።