ውጭ እቆያለሁ

ዛሬ ስለ አንዲት ተማሪ የድረ ገጽ ሥራ ላጫውታችሁ። ልጅቷ በወጣቶች ኅብረታችን የምታገለግል የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ናት። መምህራቸው አንባቢው ራሱ መንገዱን እየመረጠ የሚሄድበት ታሪክ በድረ ገጽ መልክ እንዲሠሩ አዘዛቸው፤ ከሦስት ያላነሰ መጨረሻ እንዲኖረውም ጨምሮ ነገራቸው።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት በፊትም ነበረ። ኤድዋርድ ፓካርድ የተባለ አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. «የጊዜ ዋሻ» የሚል የልጆች መጽሐፍ አሳትሟል፤ አንባቢው እንደ ምርጫው ወደ ተለያየ ገጽ ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ ትዋይን የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። አንድ ቁራጭ ጽሑፍ ትጽፋላችሁ፣ የምርጫውን ቃል በድርብ ባለ ማዕዘን ቅንፍ ትከባላችሁ፣ ፕሮግራሙ አዲስ ሣጥን ከፍቶ በቀስት ያያይዘዋል። ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ፋይል ይወጣል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል።

አስቸጋሪው የቅርንጫፉ ብዛት ነው። በየገጹ ሁለት ምርጫ ብቻ ቢኖር እንኳ፣ ከ10 ምርጫ በኋላ 1,024 መጨረሻ መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው! ስለዚህ ጸሐፊዎች የተለያዩትን መንገዶች መልሰው ያገናኛሉ፤ አንባቢው ቀደም ብሎ የመረጠውን ግን ፕሮግራሙ እንዲያስታውስ ያደርጋሉ።

እሷ የወሰደችው ሉቃስ 15ን ነው። አንባቢው ግን የጠፋው ልጅ አይደለም፤ ከእርሻ የሚመለሰው ታላቁ ነው። የዘፈን ድምፅ ይሰማል፣ አገልጋዩን ይጠይቃል፣ ፍሪዳው መታረዱን ያውቃል፣ ደጅ ላይ ይቆማል። አባትየው ይወጣል። እዚህ ላይ አንባቢው ስለ ተመለሰው ሰው የሚናገርበት ሁለት ቃል ይቀርብለታል፦ «ወንድሜ» ወይም «ይህ ልጅህ»። በወንጌሉ ታላቁ ልጅ «ወንድሜ» አላለም፤ «ወንድምህ» ብሎ የመለሰለት አባቱ ነው። የመረጣችሁትን ቃል ፕሮግራሙ ይዞ ይቆያል፤ በኋላ ገበታው ላይ ስትቀመጡ ይመለስባችኋል። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ሰብኬአለሁም፤ ይህን ነጥብ እንዲህ አድርጎ የያዘ አላየሁም።

ሁለት መጨረሻ ጽፋ ሦስተኛው ቀራት። «ፓስተር፣ አባትየው ሰልችቶት ትቶት የሚገባበት መጨረሻ ልጻፍ እንዴ?» አለችኝ።

ጥያቄው የክፍል ሥራ ብቻ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ የእናታቸውን ወርቅ ሸጦ ከቤት ጠፍቶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። ታላቅ ወንድሟ ከዚያን ቀን ጀምሮ የእናቱን ደጃፍ አልረገጠም። እናትየው በየበዓሉ ትደውልለታለች።

የኮሌጅ የግሪክ ደብተሬን አወጣሁ። ሉቃስ 15፥28 ላይ «ለመነው» የተባለው ግስ አንዴ ተደርጎ ባለቀ ድርጊት መልክ አልተጻፈም፤ «ይለምነው ነበር» እንደ ማለት ነው። ልጁ ይግባ አይግባ ሉቃስ አይነግረንም። አባትየው ትቶት እንደ ገባም አይነግረንም። «ታሪኩን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፣ ልጄ፤ እኔ ግን ያንን ገጽ ልሰብከው አልችልም» አልኋት።

አልጻፈችውም። «ውጭ እቆያለሁ» የሚለውን ስትነኩ ሌላ ገጽ ይመጣል፤ ጨልሟል፣ አባትየው ጋቢ ይዞ ወጥቷል። (ጋቢው በወንጌሉ የለም፤ የእሷ ነው።) እንደገና ስትነኩ ምግብ ሸፍኖ ያመጣል። ሦስተኛ ጊዜ ስትነኩ ምንም አይናገርም፤ ከልጁ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ገጾቹ እየዞሩ ይመለሳሉ እንጂ ማብቂያ የላቸውም። መምህሩ ሁለት መጨረሻ ብቻ ስላገኘ ነጥብ ቀነሰባት። አልፈርድበትም፤ መመሪያው ሦስት ይላል።

ፋይሉን ለታላቅ ወንድሟ በቴሌግራም ላከችለት። አንባቢው የቱን እንደ መረጠ ፋይሉ ለላኪው አይናገርም፤ ስለዚህ ዝም ብላ ጠበቀች። በአራተኛው ቀን አጭር መልእክት መጣላት፦ «'ድንጋይ' የሚለው ላይ ፊደል ገድፈሻል።»

ያ ቃል ያለበት ገጽ የሚከፈተው «ውጭ እቆያለሁ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ለነካ ሰው ብቻ ነው።