ጉማሬን ልጆቻችን በሥዕል ብቻ ይወቁት?

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርበት፤ ዓባይን እያየ ያደገም ቢሆን በውስጡ ምን እንደሚኖር ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። የተወለድኩት በስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ነው። ስማዳና እስቴ በደቡብ በኩል የሚያበቁት በዓባይ ሸለቆ ነው፤ በሽሎም ከወሎ በኩል መጥቶ ከዓባይ የሚቀላቀለው በዚያው በኛ አገር ጠርዝ ነው። ይሁንና በልጅነታችን ስለ ዓባይ የምንሰማው ሁሉ ስለ ሞት ነበር። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው አዞ የጎተተውን መንገደኛ፣ ደራሽ የወሰደውን ከብት ይተርካል፤ እናቶቻችንም እያማተቡ ያዳምጣሉ። ጉማሬ የሚለውን ስም እንኳ ያወቅነው በአለንጋ ነው፤ ከቆዳው የሚሠራው አለንጋ በስሙ ይጠራ ነበርና።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የከተማ ልጆቻችን ጉማሬን በመጽሐፍና በቴሌቪዥን ያዩታል። እኛ ከፈራነው፣ እነርሱ ደግሞ በሥዕል ብቻ ካወቁት፣ የአገሩን ውኃና የውኃውን እንስሳ በቅጡ የሚያውቅ ትውልድ መቼ ይመጣል? በጀልባ ሆኖ የዱር እንስሳትን መመልከት ለውጭ አገር ጎብኚ ብቻ የተሰጠ መዝናኛ እንዳልሆነ ዛሬ ልንነጋገር እወዳለሁ።

በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይህ ትልቅ ሥራ ነው። በኡጋንዳ፣ በነጭ ዓባይ ላይ፣ ሰዎች በጀልባ ወደ መርቺሰን ፏፏቴ እየተጓዙ በዳርና ዳር የተኛውን አዞና ጉማሬ ያያሉ። የኤድዋርድንና የጆርጅን ሐይቆች በሚያገናኘው በካዚንጋ መተላለፊያም እንዲሁ ነው። በቦትስዋና ዝሆኖች የቾቤን ወንዝ በዋና ሲሻገሩ ለመመልከት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል።

የኛ ዓባይ ግን በወገዳ በኩል ለመዝናኛ የሚሆን ውኃ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ጆን ብላሽፎርድ ስኔል በተባለ የእንግሊዝ መኮንን የተመራ ጓድ በጎማ ጀልባ ወንዙን ሊወርድ ሲነሣ፣ ወታደሮችና የሳይንስ ሰዎች አብረውት ነበሩ። እንደዚያም ሆኖ ከጓዱ አንድ ሰው በገባር ወንዝ ውኃ ተወስዶ ሞቷል። ከጣና ተነሥቶ ሜዲትራንያን ባሕር እስኪደርስ ድረስ ዓባይን ሙሉ በሙሉ የወረዱት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

እነዚያ ሰዎች ወንዙን ሊያዩ ሲወርዱ የኛ ሰው ደግሞ ሊሻገረው ይታገል ነበር። እስቴንና ሞጣን ያገናኝ የነበረው ጥንታዊው የዓባይ ድልድይ መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ወጣለት። ሰዎች ከወገባቸው በገመድ ታስረው፣ ከወዲያ ማዶ እየተጎተቱ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። ያንን ፎቶግራፍ ያየ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ለገጠር ሰዎች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። ታዲያ የገበያ ዕቃ ይዛ በገመድ ለምትሻገር ሴት ወንዝና አውሬ የሚታይ ነገር ሳይሆን የሚመለጥ ነገር ቢሆንባት ምን ይፈረድባታል?

ዓባይ የሚለዝበው ከምንጩ አጠገብ፣ በጣና ነው። በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል ባሕር ዳር ስንወርድ ያ የሚያስፈራው ወንዝ ከሐይቁ ቀስ ብሎ ሲወጣ እናገኘዋለን። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው፣ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው። አዞ የሚያሰጋው በታች ባለው ሸለቆ ነው፤ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ባለው በጣና ውኃ አዞ አይታወቅም። ጉማሬ ግን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አለ። ፔሊካን የተባለው ትልቅ ነጭ ወፍ፣ ዓሣ አዳኙ ንስር፣ ከደንገል ጫፍ ላይ ሆኖ ውኃውን የሚያደባ ጥቁርና ነጭ ትንሽ ወፍ፣ እነዚህ ሁሉ ለልጅ ዓይን ድግስ ናቸው።

እኔ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼና ከልጆቻችን ጋር አንድ ጀልባ ተከራይተን በጠዋት ወጣን። ልጆቹ መጀመሪያ ያዩት ሁለት ጆሮና ሁለት ዓይን ብቻ ነበር። «እማዬ፣ ሌላው አካሉ የት ሄደ?» አለችኝ ትንሿ ልጄ። ሳልመልስላት ከአጠገቡ ሌላ ትንሽ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ግልገሏን ያስከተለች እናት ኖራለች። ባለጀልባው እኛን ለማስደሰት ብሎ ሞተሩን ወደነሱ አዞረ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ፣ እትዬ የምንላት፣ «አይሆንም! ወላድ ናት፤ መልሰው!» አለችው። እርሱም «ለፎቶ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ እንቀርባለን» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ሁላችንም አንድ ላይ ተናገርን፤ ጀልባው ራቀ። እናቲቱም አፏን ከፍታ አንድ ጊዜ አሳየችን፤ ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

እትዬ የተናገረችው እውነት ነው። ሴት ጉማሬ ስምንት ወር ያህል አርግዛ ከመንጋው ተለይታ ትወልዳለች፤ ግልገሏን ውኃ ውስጥ እንዳለች ታጠባለች። ግልገሉም ጆሮውንና አፍንጫውን ዘግቶ ይጠባል። ጉማሬ ቀን በውኃ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ሌሊቱን 40 ኪሎ ያህል ሣር ይግጣል። ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያጠቃው ግልገል ሲኖረውና በእርሱና በውኃው መካከል ሰው ሲቆም ነው። በየብስም ቢሆን ሮጦ ሰው ይቀድማል። በማለዳ ውኃ ልትቀዳ የምትወርድ ሴት ጉማሬው ከግጦሽ ሲመለስ መንገዱ ላይ ብትገኝ አደጋው ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ የእንስሳውን ጠባይ ማወቅ ለመዝናኛ ብቻ ሳይሆን ነፍስን ለማዳንም ነው።

አዞን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል። በጫሞ ሐይቅ ዳር «የአዞ ገበያ» በሚባለው ቦታ ትልልቅ አዞዎች ፀሐይ ሲሞቁ ከጀልባ ይታያሉ። እንቁላሏን በአሸዋ የቀበረች አዞ ሦስት ወር ያህል ከአጠገቡ አትርቅም። ጫጩቶቹ ከውስጥ ሲጮኹ አሸዋውን ቆፍራ ታወጣቸዋለች፤ በዚያ በሚያስፈራው መንጋጋዋም ሳትጎዳቸው ተሸክማ ውኃ ታደርሳቸዋለች። ይህን የሰማ ልጅ አዞን መፍራቱን አይተውም፤ መተውም የለበትም። ነገር ግን ፍርሃቱ ዕውቀት ያለበት ፍርሃት ይሆናል።

እናቶች ሆይ፣ ለዚህ ጉዞ ስትነሡ እነዚህን አስቡ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሚሆን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለ ጀልባው ላይ አትውጡ፤ ለአዋቂ የተሠራው ለሕፃን አይሆንም፣ ሾልኮ ይወጣልና። ሁለተኛ፣ ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣበት ጠዋት ውጡ። ሦስተኛ፣ ወደ እንስሳቱ እንዳይጠጋ ለባለጀልባው ከመነሻው ንገሩት፤ ከተነሡ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። አራተኛ፣ ገዳም የምታዩ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሴቶችም ክፍት ነው።

«ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» የምትል እኅት እንዳለች አውቃለሁ። ደመወዝ ከወር ወር በማይደርስበት ቤት ጀልባ መከራየት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ጀልባ የሚከራየው ብዙውን ጊዜ በሰው ቁጥር ሳይሆን በጉዞ ነው። አራትና አምስት እናቶች ከዕቁብ ማኅበራቸው ወይም ከመሥሪያ ቤታቸው ተሰባስበው ቢከፍሉት ለአንዷ የሚደርሳት ብዙ አይሆንም። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፤ ምሳችሁን ከቤት ቋጥሩ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ባለጀልባዎቹ ያለ ሥራ የቆሙባቸው ወራት ብዙ ነበሩና፣ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሚያውቅ ሰው አጣሩ። ሰላም በሆነ ጊዜ ግን የአገር ውስጥ ጎብኚ ለነዚያ ቤተሰቦች እንጀራ ነው።

ከነርሱም መካከል ነገደ ወይጦን ለልጆቻችሁ ሳታስተዋውቁ አትመለሱ። በጥንት ጊዜ ጉማሬ አዳኞች ስለነበሩና ሥጋውን ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው ይንቋቸው ነበር። ከደንገል ታንኳ መሥራትን በእጃቸው ይዘው ያቆዩ ግን እነርሱ ናቸው። ደንገሉም ቢሆን በችግር ላይ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቶ የዓሣ አጥማጁን መንገድ ዘግቷል፣ የወፉን ማረፊያ ወሯል። አረሙን በእጁ የሚነቅለውን ገበሬ ያየ ልጅ ሐይቅ እንዴት እንደሚታመም ከማንም መምህር በተሻለ ይገባዋል።

እኛ እናቶች ለልጆቻችን ጫማና ደብተር ለመግዛት እንጨነቃለን፤ ተገቢም ነው። በዓመት አንድ ቀን ግን አገራቸውን ይዩበት። ወላድ እንስሳ ሲያዩ መራቅን፣ ሐይቅ ሲታመም ማዘንን፣ የሰውን ሥራ ማክበርን በአንድ ጠዋት ይማራሉ። የሚቀጥለው የዕቁብ ቀን ሲደርስ ይህን ነገር አንሡት፤ ማን ከማን ጋር እንደምትሄዱና በየወሩ ምን ያህል እንደምታስቀምጡም በዚያው ወስኑ።