ስለ አረንጓዴ ሻይና ስለ ሰውነት ውፍረት

አረንጓዴ ሻይ ውፍረትን ያቀልጣል፤ ቦርጭንም ያጠፋል የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ ደርሷል። እኛም በነዚህ ከተሞች ስንመላለስ ብዙዎች ወዳጆቻችን ሲጠጡትና ሲመሰክሩለት ስለ ሰማን፥ ለቤተ ሰብ በሚጠቅም መንገድ ነገሩን መርምረን ልንጽፍ ወደድን።

አረንጓዴውና ጥቁሩ ሻይ የአንድ ተክል ቅጠል ናቸው፤ ተክሉም በአገራችን በከፋ ውሽውሽና በኢሉባቦር ጉመሮ ይበቅላል። ጥቁሩ ሻይ ቅጠሉ ጠውልጎና ታሽቶ አየር ከለወጠው በኋላ ይደርቃል። አረንጓዴው ግን ከተለቀመ በኋላ ሳይዘገይ ሙቀት ስለሚያገኘው መልኩን እንደ ያዘ ይደርቃል፤ ስለዚህም ካቴኪን የሚባለው ነገር በብዛት ይቀርበታል። ካቴኪን ከካፌይን ጋራ ሆኖ፥ ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበትን ሥራ ለጥቂት ጊዜ በመጠኑ ያፋጥናል። እንግዲህ ወሬው ከነጭራሹ ሐሰት አይደለም።

ዳሩ ግን ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ብዙ ምርመራዎችን ሰብስቦ ሲመዝን፥ በአረንጓዴ ሻይ የሚገኘው የክብደት ቅናሽ እጅግ ጥቂት፥ ለጤናም ይህን ያህል የማይረባ ሆኖ ተገኘ።

ከቅጠሉ ይልቅ ስኳሩን መቍጠር ይገባል። በቀን 4 ብርጭቆ ሻይ፥ በየብርጭቆውም 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው፥ 48 ግራም ያህል ስኳር ጠጣ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር፥ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የስኳሩ ልክ ከ50 ግራም በታች ነው፤ ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ መሆኑን ገልጿል። ከቾቄ ተራራ ሥር አህያውን ነድቶ ወደ ሞጣ ገበያ የሚሄደው ገበሬ ቦርጭ የሌለው፥ ሲያርስና ሲጓዝ ስለሚውል ነው እንጂ አረንጓዴ ሻይ ስለ ጠጣ አይደለም። በጽሕፈት ቤት ወንበር ተቀምጠን ለምንውለው ለኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የሴቶችና የልጆች ነገር ነው። ከዘመዶቻችን አንዲቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ውፍረትን ፈርታ ምግቧን ቀነሰች፤ ከማዕዱም ጋራ ሻይ ታበዛ ነበር። ደሟ አንሶ በታመመች ጊዜ፥ ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ በደንብ እንድትበላና ሻዩን ከምግብ እንድትለይ አዘዛት። በጾም ወራት የምንመገበው ሽሮ፥ ምስርና ጎመን በውስጡ ብረት አለው፤ ነገር ግን ከምግብ ጋራ የተጠጣ ሻይ፥ ሰውነት ያንን ብረት በደንብ እንዳይቀበል ያግዳል።

ከቅጠሉ ተጨምቆ በክኒን የሚሸጠው ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው፥ ዋናው ካቴኪን በክኒን መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ፥ አንባብያን ሆይ፥ አረንጓዴ ሻይ የሚወድ ሰው ያለ ስኳር፥ ከምግብም አንድ ሰዓት ያህል አርቆ ይጠጣው፤ መልካም መጠጥ ነውና። ውፍረቱን ለመቀነስ የሚሻ ግን ማዕዱን ይመጥን፤ ወደ ሥራውም በእግሩ ይሂድ። ነፍሰ ጡርም ብትሆን ስለ ክብደቷ ሐኪሟን ትጠይቅ እንጂ የጎረቤት ወሬ አትከተል።