ግራ እጁ የታል?

ስለ አኮርዲዮን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም ነበር። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው የአኮርዲዮን ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ፈረንጁ ሁሉ ሲያብድለት፣ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። ካሴቱን በልጅነቴ ሰምቼው አላውቅም። ይህን ግን ለማንም አልተነፈስኩም፤ "እኛ ቤትማ ድሮም ነበር" እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ አሰማሁ።

የምሠራው ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። እዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፖልካ ይከፈታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው የሕፃን ልደት መሰለኝ። ዘፈኑ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ጥርሱን የገለጠ። በትዝታ ያደገ ጆሮ ያለ ምክንያት የሚደሰት ሙዚቃ አያምንም። አብራኝ ከምትሠራ ያገሬ ልጅ ጋር በአማርኛ እያማን፣ ትሪ እያነሣን እንስቅ ነበር። ማንም አይሰማንም ብለን ነዋ! ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ አንዲት እናት ግን አንድ ቀን ጠሩኝና "በሙዚቃዬ ነው አይደል የምትስቁት?" አሉኝ። ያደጉት ከቦሄሚያ የመጡ ጀርመኖች በሰፈሩባት በኒው ኡልም አካባቢ ነው።

ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ ስልኬን አውጥቼ ኃይሉን ከፈትኩላቸው። እውነተኛ አኮርዲዮን ምን እንደሆነ ይወቁ ብዬ። እስኪያልቅ በትዕግሥት ሰሙት። "ያምራል" አሉ። "ግን ግራ እጁ የታል?"

ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ቢሆንም ነገሩ ከነከነኝ። ቀጥሎ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት ሙዚቃውን ለመውደድ ብዬ አልነበረም፣ ሴትዮዋን ለመርታት ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች የፖልካ ሸክላ መልቀም ጀመርኩ። እዚህ አገር ፈላጊ ያጣ ሸክላ ቢኖር እሱ ነው፤ አያት ሲሞት የልጅ ልጆች በካርቶን አምጥተው ይጥሉታል። ሳሎናችን በካርቶን ሲሞላ ባለቤቴ "የማን ቤት ፈርሶ ነው?" አለችኝ።

ማንበብም ያዝኩ። ፖልካ በ1830ዎቹ ቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ ምድር፣ ተወልዶ በ1840ዎቹ ፓሪስን እንዳስጨፈረ፤ ስደተኞች ወደ አሜሪካ ይዘውት ሲሻገሩ በየከተማው መልኩን እንደለወጠ። የክሊቭላንድ ስሎቬኖች አኮርዲዮኑን ከፊት አስቀድመው ለስለስ አድርገው ይጫወቱታል። የቺካጎ ፖላንዶች ፍጥነቱን ቀነስ፣ ዘፈኑን ከፍ ያደርጋሉ። የእኛዎቹ የኒው ኡልም ሰዎች ደግሞ ሁሉን ነገር በቱባ፣ በዚያ ሰውን በሚያህል ጡሩምባ፣ ላይ ይጭኑታል፤ "ሲክስ ፋት ደችመን" የሚባለውን ባንድ የመራው ሃሮልድ ሎፍልማከር ራሱ ቱባ ነፊ ነበር። ቼኩ ያሮሚር ቬይቮዳ በ1927 የደረሰውን ዜማ ጀርመናዊው ቪል ግላሄ ተጫውቶት በ1939 አሜሪካን እንዳጥለቀለቀ፣ ፍራንኪ ያንኮቪች በ1948 "ጀስት ቢኮዝ" በተባለው ሸክላ እንደገነነ፣ በ1986 ፖልካ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራሚ ሲሰጠው የወሰደው እሱ እንደሆነ፣ ሁሉንም ሸመደድኩ። ጂሚ ስተር የሚባል ሰው 18 ጊዜ ካሸነፈ በኋላ በ2009 የፖልካ ዘርፍ መሰረዙን ሳነብ ርስቴን እንደነጠቁኝ ተቆጣሁ። የስተርን አንድ ዘፈን እንኳ እስከዚያ ቀን አልሰማሁም ነበር።

ከዚያማ ዕዳው ለአረጋውያኑ ሆነ። እሁድ ሙዚቃ የመክፈቱን ሥራ ለምኜ ወሰድኩና በየዘፈኑ መካከል ማብራሪያ እሰጥ ጀመር፦ ይኼኛው የክሊቭላንድ ነው፣ ይኼኛው የቺካጎ። ሊያጨበጭቡ እጃቸውን ያነሡት ሰዎች እጃቸውን አንጠልጥለው ይጠብቁኛል። አንድ አባት በመጨረሻ "ልጄ፣ ዝም ብለህ ክፈተው" አሉኝ። አኮረፍኩ። ቤቴ ገብቼ የጆሮ ማዳመጫዬን አጥልቄ፣ ደብተሬን ይዤ፣ ተቀምጬ አዳመጥኩ። እውነቱን ልናገርና ሰለቸኝ። ስለ እያንዳንዱ ሸክላ ብዙ አውቃለሁ፤ ግን አንዱንም ደግሜ ልስማው የሚል ስሜት አልነበረኝም።

ሰው ሲሰለቸው ይተዋል፤ እኔ ግን ያገለገለ አኮርዲዮን ገዛሁ።

ቀኝ እጅ የፒያኖ ቁልፍ ስለሆነ እንደምንም እየዳከርኩ ትዝታን የመሰለ ነገር አወጣሁበት። ግራው ጉድ ነው። 120 ትንንሽ ቁልፎች፣ ሲጫወቱ የማይታዩ፤ ከመካከላቸው አንዷ ብቻ ጣት በዳሰሳ እንዲያገኛት ጎድጎድ ተደርጋለች። የውስጠኞቹ ረድፎች የቤዝ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የተቀሩት እያንዳንዳቸው አንዴ ሲነኩ የተዘጋጀ ኮርድ ያወጣሉ፣ ሜጀር፣ ማይነር እያለ። ቪየናዊው ሲሪል ዴሚያን በ1829 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ብልሃትም ይኸው ነው፤ በአንድ ቁልፍ ሙሉ ኮርድ። አንቺሆዬን በቀኜ ይዤ በግራዬ ኮርድ ስጫን ድምፁ ተጋጨ። ሌላ ተጫንኩ፣ ባሰ። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ግራ እጄን አንሥቼ ወናፉን ብቻ እየሳብኩ በቀኜ ቀጠልኩ።

ያን ጊዜ ነው የሴትዮዋ ጥያቄ የገባኝ። የእኛ ዜማ በክራርም በማሲንቆም ብቻውን ይሄዳል፤ ኮርድ አይፈልግም። ኃይሉ በዚያ ካሴት ላይ አኮርዲዮኑን ያዘፍነዋል፣ ሥሩን የያዙለት ግን ሲንተሳይዘርና የምት ማሽን ናቸው። እኔ ፖልካውን ይዤ በቀኝ እጁ ውስጥ የሚጠማዘዝ፣ የሚያለቅስ ዜማ እፈልግ ነበር። ፖልካ ቀኝ እጁን ቀለል ያደረገው ወዶ ነው፤ ጉዳዩ ያለው ግራው ላይ ነው።

እሁድ ፖልካው ተከፍቶ ሳለ ለሴትዮዋ ይህን በኩራት ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና "ወደ ኮሪደሩ ግፋኝ" አሉ። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ገፋሁ። "በሩን ዝጋው።" ዘጋሁት። ዜማው ጠፋ፤ በግድግዳው የሚያልፈው ቱባውና ከበሮው ብቻ ሆነ። የእግራቸውን ነጠላ ጫማ አሳዩኝ። ቱባው ሲመታ ጣታቸው ወደ ታች፣ በመሐሉ ባለው ባዶ ቦታ ተረከዛቸው ወደ ላይ። ባንድ ወደ ገጠራቸው የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር፤ በሌላው ቅዳሜ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍተው ወጥ ቤት ውስጥ በሸክላና በራዲዮ ይጨፍሩ እንደነበር አጫወቱኝ። ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ስለመኖሩ አልሰሙም።

አሁን ሸክላውን ሳሎን ከፍቼ ወጥ ቤት እገባለሁ። ዕቃ እያጠብኩ ከግድግዳ ወዲህ ስሰማው፣ ያ "ሁሉም አንድ ዓይነት" ያልኩት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ያንኮቪች ገና ሳይረግጥ የሚነሣ ይመስላል፤ ደችመኖቹ መሬቱን ረግጠው አስፈቅደው ነው የሚነሡት። የጆሮ ማዳመጫ አጥልቄ፣ ደብተር ይዤ ይህን መስማት እንዴት እንዳቃተኝ አላውቅም። ባለቤቴ ሳህኑ በአግባቡ እንደማይታጠብ ትናገራለች፤ እውነቷን ነው።

ማስተማሩን ግን ጨርሶ አልተውኩም። በቅርቡ ሴንት ፖል ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ አንድ ፖልካ በፍላሽ ይዤ ወደ ዲጄው ሄድኩ። ጥቂት አዳመጠና በትሕትና "ጋሼ፣ ለራት ሰዓት ላድርገው?" አለኝ። ሰው ተቀምጦ እየበላ? አይሆንም ብዬ ፍላሼን ተቀብዬ ተመለስኩ። ወዲያው ጉራጊኛ ገባ፤ ተነሣን። ባለቤቴ ለጥቂት ጊዜ አየችኝና በሙዚቃው መካከል ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "ግራ እግርህን ምን ነካው?" አለችኝ።