በሲንጋፖር የቀመስሁት የመርዝ ፍሬ

ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው ሆዱ ነው። ዓይን ሰማይ ጠቀሱን ፎቅ አይቶ ይደነቃል፤ እግርም ባልለመደው መንገድ ሲዞር ይውላል፤ ሆድ ግን የለመደውን ካላገኘ አሻፈረኝ ይላል። እኔም ለአጭር የመምህራን ሥልጠና ሲንጋፖር በሰነበትሁ ጊዜ የደረሰብኝ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከአገሩ አስተማሪዎች አንዷ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ ወይዘሮ፣ «ዛሬ የእናቴን ወጥ አበላሃለሁ» ብለው ካቶንግ ወደሚባለው ሰፈር ይዘውኝ ሄዱ። በዚያ ሰፈር ግድግዳቸው ሮዝና አረንጓዴ የተቀባ፣ በአበባ ሸክላ ያጌጡ የድሮ ቤቶች ይታያሉ። የምንገባበት ምግብ ቤት የቻይናንና የማላይን ምግብ አዋሕዶ የሚያቀርብ መሆኑን ስሰማ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። የተቀላቀለ ነገር ሁሉ መነሻ የሌለው ይመስለኝ ነበርና። አገሬ ላይ ፓስታ በእንጀራ ጠቅልዬ የምጎርስ ሰው መሆኔን በዚያ ሰዓት ፈጽሞ ረስቼዋለሁ።

ወይዘሮዋ ሐሳቤን ከፊቴ ላይ ያነበቡ ይመስለኛል፤ ምግቡ እስኪቀርብ ታሪኩን አጫወቱኝ። የቻይና ነጋዴዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ወደ ማላካ ወደብ ይመላለሱ ነበር። መርከባቸው የሚሄደው በነፋስ ስለ ነበረ፣ ወደ አገር የሚመልሰው ነፋስ እስኪነሣ ወራት መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። በዚህ መካከል የአገሩን ሴት እያገቡ የቀሩ ነበሩ። ዘራቸው «ፐራናካን» ተባለ፤ በማላይ ቋንቋ «አናክ» ልጅ ማለት ስለ ሆነ፣ ትርጓሜው በአገሩ የተወለደ እንደ ማለት ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1819 እንግሊዞች ሲንጋፖር ላይ የንግድ ሰፈር ባቋቋሙ ጊዜ ብዙዎቹ ከማላካ ወደዚያ ተሻገሩ። እንግዲህ ይህ ምግብ በአንድ ብልህ ወጥ ቤት የተፈለሰፈ አይደለም፤ ሁለት ሕዝብ ተጋብቶ በአንድ ጉልቻ ሲያበስል የተወለደ ነው።

ገበታው ቀረበ። የእርዱን ቢጫ ለየሁት፤ በአገራችን ለመዓዛው የምንወደው ጠጅ ሣርም ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ከመካከል ግን ጥቁር የዶሮ ወጥ ተቀምጦ፣ በመረቁ ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠጠሩ ትልልቅ ፍሬዎች ይታያሉ። ስማቸው «ከሉዋክ» ይባላል።

«ይህ ፍሬ በጥሬው መርዝ ነው» አሉኝ ወይዘሮዋ፤ ፈገግ ብለው።

ማንካዬ ከአየር ላይ ቀረ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ በጥሬው ፍሬ ውስጥ ሲያናይድ የሚባለው ገዳይ መርዝ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ይቀቀላል፤ ከዚያ አመድ ውስጥ ተቀብሮ አርባ ቀን ያህል ይቆያል፤ ነጩ ውስጡም ጥቁር ይሆናል። ሲወጣ ታጥቦ ደግሞ ለቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። እኛም አገር ጓያ እግር እንደሚያሰር፣ ቆጮም ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ ምግብ እንደሚሆን አሰብሁና ልቤ ጥቂት ተመለሰ።

«አትፍራ ልጄ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በልቼዋለሁ። ይህን ምግብ የሚያበላሸው ችኮላ ብቻ ነው» አሉኝ።

ቅርፊቱ በተሰበረበት በኩል ጥቁሩን ነገር ጭልፌ ቀመስሁት። መራራም ነው፣ ጣፋጭም ነው፤ ካካዎ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር የተገናኘ ይመስላል። ሁለተኛውን ፍሬ የወሰድሁት ሳልጋበዝ ነው።

እናታቸው ቅመሙን በምን ይመጥኑት እንደ ነበር ብጠይቅ፣ «አጋክ አጋክ» አሉኝ፤ በግምት፣ በእጅ ልክ ማለት ነው። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቼ ወጡን ይበላሉ፤ የእናቴን ቋንቋ ግን አያውቁትም» አሉ።

የፐራናካኖች ቋንቋ ከቻይናው ሆኪየን ብዙ ቃል የተዋሰ ማላይ ነው። በሲንጋፖር ከ1987 ጀምሮ የትምህርት ቤቶች ሁሉ ዋና ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ዘሩ ከቻይና ለሚቈጠር ልጅ ደግሞ እንደ እናት ቋንቋ የሚሰጠው ማንዳሪን ነው። የእናታቸው ቋንቋ በመካከል ያለ ወንበር ቀረ። ዛሬ የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው።

ወጡ ከነቅመሙ ሲድን ቋንቋው ለምን መዳን አቃተው? ወጡን የሚያቈየው ሰው በየቤቱ ስላለ ይመስለኛል፤ አርባ ቀን የሚታገሥ አንድ እጅ በየቤቱ ይገኛል። ለቋንቋው ግን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያናግራቸው አልተገኘም። እኔም አስተማሪ ነኝና፣ ተማሪዎቼ ግማሹን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በእንግሊዝኛ ሲጨርሱት ዝም ብዬ ማለፌ ትዝ አለኝ። መቀላቀሉ ራሱ አላስፈራኝም፤ የወይዘሮዋም ቋንቋ ቅልቅል ነው። የሚያስፈራው ሁለቱንም በወጉ ሳያውቁ መቅረት ነው።

እናንተ ወጣት ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ ሩቅ አገር ስትሄዱ «የምበላው የለም» ብላችሁ ከእንግዳ ማረፊያ አትቅሩ። «ሆድ ካገር ይሰፋል» ይባላል። ስትቀምሱም ማን እንዳበሰለውና ስንት ቀን እንደ ፈጀ ጠይቁ።

እኔ በዚያው ምሽት ለእናቴ ስልክ ደወልሁና፣ በዶሮ ወጥ ላይ በርበሬውን በምን እንደምትመጥነው ጠየቅኋት። «ይኼም ይጠየቃል?» ብላ ሳቀችብኝ። «በእጄ ነዋ! ስትመጣ አጠገቤ ቁመህ ታያለህ።»